ሰማያዊ ጠርዝ ያለው አንሶላ

ባለፈው ጥቅምት ለሥራ ሞጣ ሄጄ ነበር። ሻንጣዬን እየጎተትኩ የአክስቴ ጥሩዬ ግቢ በር ላይ ስደርስ፣ ገና በሩን ሳላንኳኳ፣ የጥንጁት ጢስ ሸተተኝ። ጥንጁት በእኛ አገር የወተት ዕቃና የንብ ቀፎ የሚታጠንበት ቅጠል ነው። ሽታው ንጹሕ ነው፤ የሚጠላው ሰው አላውቅም። እኔም እወደዋለሁ። ግን ጢሱ አፍንጫዬ ውስጥ እንደገባ ፊቴ ጋለ፤ እጄም ሳላዝዘው ወደ ኋላ ሄዶ የቀሚሴን ጀርባ ዳበሰ። እርጥብ እንደሆነ ለማወቅ ነው። የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ፣ ሰው «እርስዎ» ይለኛል። እጄ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም። እጄ ገና ሦስተኛ ክፍል ነው።

ሦስተኛ ክፍል ልገባ ስል እናቴ እርጉዝ ነበረች፤ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ አዟት ነበር። አባቴ «እስክትገላገል ድረስ ሞጣ እህቴ ዘንድ ትማር» ሲል ሰማሁት። እስከዚያ ቀን መገላገል ማለት ለእኔ የተጣሉ ሰዎችን ማለያየት ብቻ ነበር። ስለዚህ እናቴ ከማን ጋር እንደተጣላች ለማወቅ በሩ ሥር ቆሜ ብዙ አዳመጥኩ። የሚጣላት ሰው አልነበረም። ዝም ብላ ተጋድማ በነጭ አንሶላ ዳር ዳር ሰማያዊ ክር ትጠልፋለች። አንሶላው የእኔ ነበር።

«የሰው ቤት ነው የምትሄጂው» አለችኝ ስትሰጠኝ። «ንጹሕ ሁኚ፣ እሺ?»

አባቴም አውቶቡስ ውስጥ ይህንኑ ደገመው። ደብረ ወርቅ ላይ ቆሎ ገዛልኝ። ጉንደ ወይንን አልፈን አቧራው በመስኮት ሲገባ ፊቴን በመሐረቡ እየጠረገ «የሰው ቤት ነው ባንቹ፣ አደራ» አለኝ። ሙሉ ስሜ ባንቺአምላክ ነው፤ ባንቹ የሚለኝ ሲራራልኝ ነው። የምን አደራ እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔ ግን የገባኝ መሰለኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አልጋዬ ላይ እሸና ነበር። ከተውኩት ቆይቻለሁ። እነሱ እንዳልረሱት ያወቅሁት አውቶቡሱ ውስጥ ነው። ሞጣ እስክንደርስ ድረስ ውሃ በአፌ አልዞረም።

አክስቴ ጥሩዬ ረጅም፣ ፈጣን፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ሴት ናት። ልጇ ትርንጎ እኩያዬ ነበረች፤ የማያሳፍራት ነገር አልነበረም። የአክስቴ ባል አያ ደምሌ ወፍጮ ቤት ይሠሩ ነበር። ማታ ሲመጡ ቅንድባቸውና ሽፋሽፍታቸው ዱቄት ለብሶ ስለነበር የመጀመሪያ ቀን በጣም ያረጁ ሰው መሰሉኝ። ፊታቸውን ሲታጠቡ ሽማግሌነታቸው ከውሃው ጋር ወረደ። ተገርሜ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የወፍጮው ጩኸት ጆሯቸውን ስላደከመው አያ ደምሌ በቀስታ መናገር አይችሉም ነበር። ማዕድ ላይ «ወጥ ጨምሪልኝ!» ሲሉ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን የእትየ የኔነሽ ድምፅ ይመጣል።

«ኧረ ጨምሪላቸው ጥሩዬ! ምን ያስጮሃቸዋል?»

አክስቴ አፏን ሸፍና ትስቃለች፤ ትርንጎ ትንከተከታለች። እኔ አልሳቅሁም። እዚህ ቤት ምስጢር እንደማይያዝ ነበር የገባኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ከሥሬ ሙቀት ተሰምቶኝ ነቃሁ። ሙቀቱ ደስ ይል ነበር፤ ይህን መጻፉ ራሱ ያሳፍራል። ከዚያ ቀዘቀዘ። የተኛሁት ለብቻዬ ነበር፤ እንግዳ ስለሆንኩ ጓዳ ውስጥ ቁርበት የተነጠፈበት መደብ ተሰጥቶኛል። እናቴ የጠለፈችው አንሶላ መሐሉ ላይ ጨለም ያለ ክብ ሆኗል። ቁርበቱን በቀሚሴ ጠርጌ፣ አንሶላውን ጠቅልዬ፣ የጓሮውን በር መወርወሪያ በሁለት እጄ ይዤ እንዳይጮህ እየለመንኩ ከፈትኩት።

ከቤቱ ጀርባ ዝናብ ያጠራቀመ በርሜል አለ። ውሃው ጣት ይቆርጣል። አንሶላውን ያለ ሳሙና አሸሁት፤ ሳሙናው ቤት ውስጥ ነበርና። ጨምቄ ከጓሮው መጨረሻ ግራዋ በወረሰው አጥር ላይ፣ ከቤት በማይታይበት በኩል ሰጣሁት። ከዚያ ዞር ስል ነጋ።

እንዲህ ዓይነት ንጋት አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ ቤት፣ ቢቸናም ይነጋል፤ ግን እኔ ተኝቼ ነበር የሚነጋው። አጥሩ ከዳር እስከ ዳር በሸረሪት ድር ተሸፍኗል፣ እያንዳንዱ ድር ላይ ጤዛ ተደርድሯል። ሸረሪቶቹም እንደ እኔ ሌሊት የሆነ ነገር ሆነው አንሶላቸውን አጥበው ያሰጡ መሰለኝ። ማንም አልተቆጣቸውም። የእበቱ ክምር ላይ እንፋሎት ይወጣል። የአደይ አበባው ገና አልተከፈተም፤ እያንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እግሬ ደንዝዞ፣ እርጥብ ቀሚሴ ጭኔ ላይ ተጣብቆ፣ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ሰው ሳይነቃ ገብቼ ሌላ ደረቅ ቀሚስ ለበስኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

ነገሩ አልተወኝም። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን የማይመጣ መስሎኝ ልቤ ሲያርፍ ይመጣል። ጥፋቱን በሞጣ ውሃ አላከክሁ። ከቀትር በኋላ ውሃ መጠጣት ተውኩ። ማታ አክስቴ «ምነው ከንፈርሽ ደረቀ?» ስትለኝ «ብርዱ ነው» አልኳት።

የጓሮው ግድግዳ ላይ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ የአያ ደምሌ ቀፎ ተንጠልጥሎ ነበር። ከቀርከሃ ተሠርቶ በእበት የተለሰነ፣ እንደ ወፍራም ግንድ ያለ። በአባታቸው ጊዜ ከነበሩት ንቦች ዘር ናቸው ይባላል፤ አባታቸው ሲሞቱም አልሄዱም። አንሶላዬን ካሰጣሁ በኋላ ቀፎው ፊት ቁጢጥ ማለት ለመድኩ። በቀፎው አፍ ላይ ሁለት ሦስት ንቦች እየዞሩ የሚገባውን ሁሉ ያሸታሉ፤ ዘበኞች መሰሉኝ። ሌሎቹ ቆመው ክንፋቸውን ያርገበግባሉ፤ የትም አይሄዱም፣ ብቻ ያራግባሉ። አንዳንዷ የሞተች እህቷን እየጎተተች አውጥታ ትጥላለች። ፀሐይ ስትደርስ የወጡት መመለስ ይጀምራሉ፤ እግራቸው ላይ ቢጫ ነገር አለ። ካልሲ ነው አልኩ። በብርድ የሚወጡት ካልሲ አድርገው ነው።

አንድ ማለዳ ከኋላዬ ነጎድጓድ መጣ።

«ማነው እሱ!»

አያ ደምሌ ነበሩ። ወፍጮ ቤት ለመክፈት በማለዳ ይወጣሉ። ሠፈሩ ሁሉ የነቃ መሰለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ማን?»

«ባንቹ ነኝ!»

«በዚህ ብርድ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ንብ እያየሁ ነው።»

«ምን?»

«ንብ እያየሁ ነው!» ሞጣ ከመጣሁ ወዲህ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ። አንሶላው ከኋላችን አጥሩ ላይ ይንጠባጠባል። ዞር እንዳይሉ ዓይኔን ከፊታቸው ላይ አልነቀልሁም።

አልዞሩም። ወይም ዞረው ነበር፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። «እኔስ ማየት ብቻ ነው የቀረኝ» አሉ። «ወፍጮው ጆሮዬን ፈጭቶ በልቶታል። ነይ፤ ጆሮሽን እዚህ አድርጊና ምን እንደሚሉ ንገሪኝ።»

በጎን በኩል ጆሮዬን ቀፎው ላይ አስጠጋሁ። እሳቸው መዳፋቸውን ከራሴ በላይ ልስኑ ላይ አሳረፉ። ቀፎው ሞቃት ነበር። ከውስጥ እናቴ ፀጉሬን ስታበጥር አፏን ዘግታ የምታንጎራጉረውን የመሰለ ድምፅ ይመጣል።

«ምን ይላሉ?»

እናቴን መጥራት አፈርኩ። «እንደ ወፍጮ ነው!» አልኩ።

«እነሱም ይፈጫሉ በይኛ!» ብለው ሳቁ። ከአጥሩ ማዶ የእትየ የኔነሽ በር ሲከፈት ተሰማ።

ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ጆሯቸው ሆንኩ። «ዛሬስ?» ይላሉ፤ «ዛሬ ቀጠን ብሏል!» እላለሁ፣ ወይም «ዛሬ እየተነጋገሩ ነው!» አንዳንድ ቀን ደርቄ እያደርኩም መነሣት ጀመርኩ። ይሁንና የሚያምሩት ማለዳዎች የነውሬ ማለዳዎች ነበሩ፤ በጣም የምማልደው ያን ጊዜ ስለነበር ጤዛው ሳይረግፍ የምደርሰው ያን ቀን ነው። ደስታዬ ከነውሬ ጋር ተጣብቆ አንዱን ከሌላው መላጥ አልቻልኩም።

ትምህርት ቤት መምህራችን ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት ነበረች። አንድ ቀን በዓይናችን ያየነውን አስደናቂ ነገር እየተነሣን እንድንናገር ጠየቀችን። አንዱ ጣና አለ። አንዷ ሄሊኮፕተር። ትርንጎ ሮብ ገበያ ላይ ባለ ሁለት ራስ ጥጃ አየሁ ብላ ዋሸች፤ ተጨበጨበላት። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ንብ ካልሲ ታደርጋለች» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሯ አልሳቀችም። «እንዴት ያለ ካልሲ? መቼ አየሽ?» አለችኝ።

«ጠዋት።»

«ጠዋት ስንት ሰዓት? ምን ስታደርጊ?»

ያየሁትን ለመናገር ለምን በዚያ ሰዓት እዚያ እንደነበርኩ መናገር ነበረብኝ። ድሮቹን፣ እንፋሎቱን፣ ዘበኞቹን፣ ሁሉንም ዋጥኩትና ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ካልሲ» ሆነ። ትርንጎ ወደ ቤት ስንመለስ ከኔ ጋር ላለመታየት ፊት ፊት ሄደች። «አንቺ ደግሞ» አለችኝ፣ በር ላይ ስንደርስ፣ «ጥጃ አትይም?»

ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ቀፎው እንደ ድስት ገነፈለ። ንቦቹ ከአፉ እየፈሰሱ ወጡ፣ ሰማዩ ጠቆረ። አክስቴ «ደምሌን ጥሩ!» ብላ ጮኸች። የሠፈሩ ሰው አፈር ወደ ላይ ይበትናል፣ ትርንጎ ቆርቆሮ ትደበድባለች፤ እንዲህ ሲደረግ ያርፋሉ ይባላል። አላረፉም። እንደ ጢስ ተጠቅልለው በባሕር ዛፎቹ አናት ላይ ሄዱ። አያ ደምሌ ሮጠው ሲደርሱ ግቢው ጸጥ ብሏል። ዱቄት እንደለበሱ መዳፋቸውን ቀፎው ላይ አኖሩ። ብዙ ጊዜ አላነሡትም።

«ከአባቴ ቀፎ ወጥተው አያውቁም» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

እትየ የኔነሽ ነጠላቸውን እያራገፉ «ንብ ያለ ነገር አይኮበልልም» አሉ። «ወይ ጠብ ነው ወይ ሽታ ነው።»

«በቤቴ ጠብ የለም!» አለች አክስቴ።

«አልወጣኝም። እንግዲህ ሽታ ይሆናላ። ንብ ቆሻሻ ነገር ከደረሰባት አንድ ቀን አታድርም።»

አክስቴ ግቢዋ በየቀኑ የሚጠረግ ሴት ናት፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «የምን ሽታ?» አለች፤ በዓይኗ ጓሮውን ትዞራለች። እኔ ከበርሜሉ ጎን ቆሜ ነበር። ሽታው እኔ ነበርኩ። ያን ያህል ማለዳ ከቀፎው አፍ ሥር እርጥብ ቀሚሴን ይዤ ቁጢጥ ስል፣ ዘበኞቹ ሲያሸቱኝ፣ እኔ የወደዱኝ መስሎኝ ነበር።

በዚያች ሰዓት የዓለም ነገር ሁሉ ሁለት ብቻ ሆነ፦ ንቦቹ ይመለሱ፤ እኔ አልታወቅ። ሁለቱ አብረው የሚሆኑበት መንገድ ደግሞ አልታየኝም። እኔ እዚያ እያለሁ ንቦቹ አይመጡም፤ ለምን ቢቸና መሄድ እንደፈለግሁ ሳልናገር ደግሞ አልሄድም። አክስቴን «እናቴ ናፈቀችኝ፤ ልሂድ» አልኳት። «ምን አጎደልንብሽ?» አለችኝ፤ ቅር መሰኘቷ ከፊቷ ታየ።

አያ ደምሌ ባዶውን ቀፎ አውርደው በአዲስ እበት ለሰኑት። በየማታው ጥንጁት እያጨሱ ያጥኑታል። «አዲስ የንብ መንጋ ቢያልፍ ደስ ብሎት እንዲገባ ነው!» ይላሉ። «ባንቹ፣ ነይ ቅጠል አቀብዪኝ!» ሲሉኝ ጓዳ ገብቼ እደበቃለሁ። የጢሱ ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። ያንን ንጹሕ ሽታ ማበላሸት ፈራሁ።

«ልጅቱን ምን አደረግኋት?» ሲሉ ሰማኋቸው፤ አክስቴን በቀስታ የጠየቁ መስሏቸው።

ከአጥሩ ማዶ እትየ የኔነሽ «ኧረ ምንም አላደረጓትም፤ አይናፋር ናት!» ብለው መለሱላቸው።

ኅዳር ገባ። ዝናቡ ተረስቶ፣ አደዩ ረግፎ፣ መሬቱ ተሰነጣጠቀ። በርሜሉ ሊያልቅ ታችኛው አረንጓዴ ውሃ ቀርቷል። አንድ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይ ወጥታለች። አክስቴ ሳሎን ውስጥ ቁርስ ታቀርባለች፣ ትርንጎ «ካልሲ፣ ተነሺ እንጂ፤ ትቼሽ ልሄድ ነው!» ትላለች። አንሶላው እርጥብ ነው። ማጠቢያ ጊዜ አልነበረም። ጠቅልዬ በጓሮ በር ሮጥኩና ጥላ ባለበት የአጥሩ ጥግ፣ እንዳለ፣ ሳላጥበው ጣል አደረግሁት። ቀትር ላይ ቀድሜ መጥቼ አጥበዋለሁ ብዬ።

ቀድሜ አልመጣሁም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮው በሰው ተሞልቷል። አክስቴ፣ እትየ የኔነሽ፣ ሁለት ሌሎች ጎረቤቶች፣ ከኔ ቀድማ የሮጠችው ትርንጎ። ሁሉም አጥሩን ያያሉ። አንሶላዬ ተዘርግቶ መሐሉ ላይ ጨለም ያለ ክብ ይታያል። ክቡ ይንቀሳቀሳል። ንቦች ናቸው። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ ራሳቸውን ደፍተው፣ ይጠጣሉ። ልክ ክቡ ባለበት፤ ከክቡ ውጭ አንዲት ንብ የለችም። አንድ ሰው በጥቁር ቀለም ነውሬን ዙሪያውን የሣለው ይመስል ነበር።

«ይቺ የባንቹ አንሶላ አይደለችም እንዴ?» አለች ትርንጎ።

«ጠርዟ ሰማያዊ ነው፤ የሷ ነው» አለች አክስቴ። «እዚህ ማን አመጣው?»

እትየ የኔነሽ አንገታቸውን አስግገው ወደ አንሶላው ጠጋ አሉ። «ምን ነክሮት ነው? እንዴ፣ ይህ ነገር…» አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ።

መሬት ተሰንጥቃለች፤ ግን ለእኔ የሚበቃ አልነበረም። መሸሽም አልቻልኩም። የደብተር ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምኩ።

አያ ደምሌ በጎን በር ገቡ። የጠራቸው ሰው ነበር፤ ከወፍጮ ቤት እንደወጡ፣ ቅንድባቸው ነጭ። አንሶላውን አዩ። ከዚያ ሰዎቹን ሁሉ አልፈው እኔን አዩኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳዩኝ አላውቅም። ያውቃሉ አልኩ በልቤ። አሁን ይናገራሉ፤ ሲናገሩ ደግሞ ሞጣ ሁሉ ይሰማል።

ወደ አጥሩ ሄዱ። ንቦቹን ሳይነኩ አመልካች ጣታቸውን በመሐላቸው ሰደዱና የአንሶላውን እርጥበት ነኩ። ከዚያ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉ።

«ጨው!» ብለው ጮኹ። «እኔ ነኝ የነከርኩት! በጨው ውሃ! ንብ በበጋ ጨው ትወዳለች፤ ይኸው መጡልኝ!»

«የልጅቷን አዲስ አንሶላ?» አለች አክስቴ።

«ሌላ ጨርቅ አጣሁ!»

«ጨርቅ አጣሁ ይላል! እናቷ በሕመም አልጋ ላይ ሆና የጠለፈችውን!» አክስቴ ነጠላዋን አጥብቃ ወረደችባቸው፤ ስለ አንሶላው፣ ስለ ጨው ብክነት፣ ስለማይጠይቅ ወንድ። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ ወይም የሰሙ መሰሉ። እኔ ቆሜ ያለ ጥፋታቸው ሲሰደቡ አየሁ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ዛሬ ድረስ ከሽንቱ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ዝምታዬ ነው እላለሁ፤ ግን ውሸቴን ነው፤ ሽንቱም እኩል ያሳፍረኛል።

«ባንቹ!» ብለው ጠሩኝ አያ ደምሌ፣ ስድቡ ሳያልቅ። «ጆሮሽን ይዘሽ ነይ! ጠጥተው ወዴት እንደሚሄዱ እናያለን!»

ንቧ ስትጠግብ ከባድ ትሆናለች፤ ዝቅ ብላ ቀጥ ያለ መንገድ ትበራለች። አንዷ ስትሄድ እሳቸው በዓይን ይከተላሉ፣ ከዓይናቸው ስትጠፋ እኔ ቆሜ በጆሮዬ እጠብቃለሁ፤ ቀጣይዋ ስታልፍ «በዚህ!» እላለሁ። ጮክ ብዬ። የሰው ማሳ አቋርጠን፣ የጤፍ ነዶ መሐል አልፈን፣ ወንዙ ዳር አንድ ያረጀ ሾላ ዘንድ ደረስን። ግንዱ ተቦርቡሯል። ጆሮዬን ሳስጠጋ ያ ድምፅ ነበር።

«ምን ይላሉ?»

ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኳቸው። «እናቴ ፀጉሬን ስታበጥረኝ እንደምታንጎራጉረው ነው!»

አያ ደምሌ መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ። «የኛዎቹ ናቸው» አሉ። ይሁኑ አይሁኑ ማን ያውቃል። በማግስቱ አመሻሽ ላይ በጥንጁት ጢስ እያባበሉ ወደ ቀፎው አስገቧቸው፤ ቅጠሉን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ንቦቹ እጄ ላይ ሄዱ፤ አሸተቱኝ፤ አለፉ።

ስለ አንሶላው አያ ደምሌ ለእኔም ለማንም ምንም አልተነፈሱም። ማለዳ በርሜሉ ዘንድ ሲያገኙኝ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ ማለፍ ጀመሩ፤ ከበርሜሉ ሥር ባለ ድንጋይ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ቁራጭ ሳሙና አለ። አላመሰገንኳቸውም። ለማመስገን የነገሩን ስም መጥራት ነበረብኝ።

መቼ እንደተወኝ አላስታውስም። ትምህርት ሲዘጋ አባቴ መጥቶ ወሰደኝ። እናቴ ወንድሜን አሳቀፈችኝ፤ ጭኔ ላይ ሸናብኝ፣ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። «ተባረክሽ በይ» አሉኝ። የእሱ ሽንት ምርቃት ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት፣ በጥንጁቱ ጢስ ግቢ ገብቼ፣ አክስቴን ስሜ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ጓሮ ወጣሁ። አያ ደምሌ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ወፍጮውን ከተዉ ቆይተዋል፤ ጆሯቸውም ጨርሶ ሄዷል፤ ቅንድባቸው አሁን ታጥቦ የማይለቅ ነጭ ነው። ቀፎው አለ። ከአጥሩ ማዶ፣ በእትየ የኔነሽ በኩል፣ አንዲት ወጣት ሴት ነጭ ጨርቅ ግራዋው ላይ ትዘረጋለች፤ የእትየ የኔነሽ ምራት ናት። ጨርቁ ይንጠባጠባል። ዳር ዳሩን ሰማያዊ ክር ዞሮታል።

«ምንድነው እሱ?» አልኳት።

«ንብ መጥሪያ ነዋ። በጨው ውሃ ይነከራል።»

«ጠርዙስ?»

«ሰማያዊ ካልሆነ አይመጡም። አማቴ ነጩን ብቻውን ሞክረውት ነበር አሉ፤ ዝር አላለችም። ክሩን ሲጠልፉበት ነው የመጣችው።» ጨርቁን እያቃናች ሳቀች። «እዚህ ሠፈር ሁሉም ቤት አለ። እናንተ ቢቸና አታውቁትም?»

«አናውቅም» አልኩ። ፊቴ ጋለ። «ማን ጀመረው?»

«ኧረ ከጥንት ነው!»

ለሥራዋ ገባች። እኔ ወደ አጥሩ ተጠጋሁ። አንዲት ንብ መጥታ ክሩ አጠገብ አርፋለች፣ ራሷን ደፍታ ትጠጣለች፤ እግሯ ላይ ቢጫ ካልሲዋን አድርጋለች። እጄን ሰድጄ የጨርቁን ጠርዝ በሁለት ጣቴ ያዝሁ። ያ የድሮው ብርድ ነው።

«ባንቹ!»

ነጎድጓዱ ከኋላዬ መጣ። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቆሞ በአጥሩ በላይ አየ። ምራቲቱ ከበሯ ብቅ አለች። አያ ደምሌ ከተቀመጡበት ሆነው፣ ዓይናቸው በብርሃኑ ጠብቦ፣ እኔንና ጨርቁን ያያሉ።

«ደረቀ ወይ?»

ይህን ሁሉ ዓመት ስለዚያ ነገር ከአንደበታቸው የወጣ ቃል ያ ብቻ ነው፤ ሠፈሩ በሙሉ ሰማው፤ ማንም ምን እንደሆነ አላወቀም።

«ምን ይላሉ እኚህ ሰውዬ፣ አሁን አይደል እንዴ የነከርኩት!» አለች ምራቲቱ።

እጆቼን አፌ ላይ ሰብስቤ፣ እሳቸው እንዳስተማሩኝ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

«ገና ነው አያ!»

ሰምተውኝ ይሁን አይተው ገምተው አላውቅም። እጃቸውን አነሡ።

«ተያቸው እንግዲህ!» አሉ። «ይጠጡ!»